ታራንቱላዋ 7 ሳምንት ሙሉ አልበላችም፤ እየሞተች ይሆን?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ አንዲት ታራንቱላ፣ ትልቋን ፀጉራም ሸረሪት፣ ይዞ መጣ። ሲመለስ ለእኔ ትቷት ሄደ። ዘሯ የቺሊ ጽጌረዳ እንደሚባል ነግሮኛል፤ እኛ ጽጌ ነው የምንላት። ያስቀመጥኳት አኳሪየም ውስጥ ነው። ክረምቱ ሲበርድ አምፖል አበራሁላት። አፈሩ እንዳይደርቅባትም ጠዋት ጠዋት ውሃ እረጭላታለሁ። አሁን 7 ሳምንት ሆናት፣ ምንም አልቀመሰችም። ፌንጣ አምጥቼ አፏ ስር ባደርግላትም ወይ ፍንክች። ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ነው የምትውለው። ሆዷ ላይ ፀጉሯ ተመልጧል። እንድትለምደኝ ብዬ በየቀኑ እጄ ላይ አወጣት ነበር፤ አሁን እሱንም ጠልታዋለች። እናቴ ደግሞ ‹ወይ እሷ ወይ እኔ› ብላለች። እየሞተች ነው? እንጦጦ ወስጄ ብለቃት አይሻልም?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ከጻፍሽልኝ ነገር ውስጥ ጽጌ እየሞተች ነው የሚያሰኝ ምልክት አላየሁም። እንጦጦም አትውሰጃት፤ ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ።

አለመብላቷ ከሁሉም ትንሹ ጉዳይ ነው። እኔን ያሳሰበኝ አምፖሉ፣ የምትረጪው ውሃ፣ የአኳሪየሙ ከፍታና በየቀኑ እጅሽ ላይ መውጣቷ ነው። አራቱንም ያደረግሽው ከፍቅር ነው፤ ይገባኛል። እኛ የወደድነውን እናጎርሳለን፣ እናሞቃለን፣ እንደባብሳለን። ለልጅም ለውሻም ይሠራል። ታራንቱላ ግን ጉርሻም ደባበሳም አታውቅም። የሚመቻት ደረቅ አፈር፣ ጨለማ ጉድጓድና ንጹሕ ውሃ አግኝታ ሳትነካ ስትቀመጥ ነው።

ከምግቡ ልጀምር። የቺሊ ጽጌረዳ በጾም የታወቀች ናት። ያደገች ከሆነች ወራት ሳትበላ ብትቆይ አይገርምም፤ ዓመት ያለፋቸውም አሉ። ሰውነቷ እንደ እኛ ቀን በቀን ነዳጅ አይፈልግም። በደህናው ጊዜ እንኳ በ10 ወይም በ14 ቀን አንድ ፌንጣ ይበቃታል። ስለዚህ ሳምንት ከመቁጠር ይልቅ ሆዷን እዪ። ከኋላ ያለው ክቡ ክፍል ከፊተኛው፣ እግሮቿ ከተተከሉበት ክፍል፣ እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ስንቅ አላት ማለት ነው። ተሸብሽቦ እንደ ደረቀ ባቄላ ከሆነ ግን አሳሳቢ ነው። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚጎድላት ውሃ እንጂ ምግብ አይደለም።

ፌንጣውን አፏ ስር ማድረጉን ተይው። በ10 ቀን አንዴ፣ ሲመሽ፣ አንድ ፌንጣ ልቀቂላት። መጠኑ ከሆዷ አይብለጥ። እስከ ጠዋት ካልያዘችው አውጪው። ከወጥ ቤት የተያዘ በረሮ በፍጹም አትስጫት። የእኛ ሰፈር በረሮ የማን ቤት መርዝ ቀምሶ እንደመጣ አይታወቅም። ፌንጣም ቢሆን መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ ይምጣ።

አሁን ወደ መስታወቱ። ብዙ ሰው ታራንቱላ ግድግዳ ላይ ስትወጣ መውጣት ፈልጋ፣ ሰው ናፍቃ ይመስለዋል። ይቺ ዘር ግን የመሬት ሸረሪት ናት። ተፈጥሮዋ ከመሬት ተጠግቶ መኖር ነው። መሬቱን ለቃ መስታወት ላይ ከተለጠፈች መሬቱ አልተመቻትም ማለት ነው። እኔ የምጠረጥረው እርጥበቱን ነው። አገሯ ቺሊ፣ ደረቅ ቁጥቋጦ ያለበት ምድር ነው። ምናልባት ስለ ሌላ፣ ከዝናብ ደን ስለመጣ ዘር ሰምተሽ ይሆናል የምትረጪላት። በክረምት የአዲስ አበባ አየር ራሱ እርጥብ ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ሲረጭ አፈሩ ይጨቀያል፣ ይሻግታል። ጽጌ የምትሸሸው ጭቃውን ይመስለኛል።

መርጨቱን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። በምትኩ አንድ የቡና ስኒ ውሃ አስቀምጪላት። ስኒው ከፍ ካለባት እስከ አፉ አፈር ውስጥ ቅበሪው። ጥጥም ስፖንጅም አትጨምሪበት፤ የቆሻሻ ጎተራ ነው የሚሆነው። ትሰምጣለች ብለሽ አትፍሪ። ውሃውን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቀይሪው።

ስለ አምፖሉ ትንሽ ረዘም ላድርገው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቷም የኅዳር ሌሊቷም እንደሚበርድ አውቃለሁ። ግን ጽጌ ያለችው ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ ቀን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ከሆነ ይበቃታል፤ ሌሊት ወደ 18 ቢወርድም ትችለዋለች። አንቺ ሹራብ ደርበሽ የምትቀመጪበት ክፍል ለእሷም ይሆናል። ሲበርድ ትንሽ ትዘገያለች፣ ምግብ ትቀንሳለች፤ ያ በሽታ አይደለም። መብራት ሲጠፋም አትደናገጪ።

አምፖሉ ግን ሌላ ነው። ታራንቱላ ብርሃን አትወድም። ከዚያ በላይ ደግሞ ከላይ የሚመጣ ሙቀት ውሃዋን ይመጥጠዋል። ይሄ ለምን እንደሚከፋ ልንገርሽ። ሸረሪት እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ነው፤ የምትዘረጋው ግን በፈሳሽ ግፊት ነው። ደሟን ወደ እግሯ ስትገፋ እግሩ ይዘረጋል። ልክ የገልባጭ መኪና ክንድ በዘይት ግፊት እንደሚነሳው። ውሃዋ ሲያልቅ ግፊቱ ይወድቃል። እግሮቿ አንድ በአንድ ወደ ሆዷ ስር ይታጠፋሉ፣ እንደ ተጨበጠ ቡጢ ትሆናለች። እዚያ የደረሰች ሸረሪት በጣም ታማለች። እንዲህ ሆና ካገኘሻት ጥልቀት የሌለው ሰሐን ላይ ትንሽ ውሃ አድርጊና የፊቷን ጫፍ ብቻ ውሃው ላይ አሳርፊው። አፏ ከስር በኩል ነው ያለው። የኋላ ሆዷ ግን ውሃ አይንካው፤ የምትተነፍስባቸው 4 ሳንባዎች እዚያ ስር ናቸው። በትዕግሥት ጠብቂ። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ አንዳንዴ እግሮቿ ቀስ እያሉ ሲከፈቱ ታያለሽ።

አምፖሉን አጥፊው። ከስር የሚሞቅ ምንጣፍም አትግዢ። ታራንቱላ ሲሞቃት ወደ ታች ነው የምትቆፍረው። ከስር እሳት ካለ ወደ እሳቱ ቆፈረች ማለት ነው።

አኳሪየሙ ራሱስ? ቁመቱን አልነገርሽኝም፤ የዓሣ ከሆነ ግን ከፍ ያለ ነው የሚሆነው። የጽጌ የኋላ ሆድ ቀጭን ቆዳ የለበሰ የውሃ ፊኛ በዪው። ከ30 ወይም ከ40 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ነገር ላይ ብትወድቅ ሊፈነዳ ይችላል። ከፈነዳ ብዙ ጊዜ ማዳን አይቻልም። እኔ በዚህ ምክንያት የሞቱ አይቻለሁ፤ ሁሉም በበሽታ ሳይሆን በመስታወት ቁመትና በሰው እጅ ነው የሄዱት። ስለዚህ አፈሩን ከፍ አድርጊው። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ርቀት እግሯን ዘርግታ ከምትይዘው ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሁን። የእሷ ዓይነት ካደገች ስፋቷ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ20 እንዳይበልጥ አድርጊው። ክዳኑ ሽቦ ወንፊት ከሆነ ቀይሪው። የእግሯ ጥፍሮች ወንፊቱ ውስጥ ገብተው ይያዛሉ፣ ስትታገል እግሯን ታጣለች። ጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ ፕላስቲክ ይሻላል።

አፈሩን ከየት ታመጪዋለሽ? መንገድ ዳር ከችግኝ ሻጮች የሚገዛው ፍግና ማዳበሪያ አለበት፤ አይሆንም። መድኃኒት ያልተረጨበት ግቢ ካለ ተራ አፈር አምጪ። ንፊው። ከዚያ ብረት ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጊው፤ ያለው ተባይ ሁሉ ይሞታል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ጠቅጠቅ አድርገሽ ሙዪው። የኮኮናት ቃጫ ካገኘሽ ብትቀላቅዪበት ጥሩ ነው። ሰጋቱራ ግን አትንኪ፤ በተለይ የጥድ። ያ ለእኛ ደስ የሚለን ሽታ ለእሷ መርዝ ነው።

መደበቂያ ትፈልጋለች። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የምጠቀመው የተሰበረ ጀበና ነው። አንገቱ የወደቀ፣ ሆዱ የተረፈ ጀበና ካለሽ የተሰበረውን ጠርዝ በድንጋይ አለስልሰሽ በጎኑ ግማሽ ድረስ ቅበሪው። አንዴ ከገባችበት ቤቷ ይሆናል።

ሌላው ድሯ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ የጽጌ ድር ግን ለማሰር አይደለም። መሬቱ ላይ እንደ ምንጣፍ ታነጥፈዋለች። ዓይኖቿ 8 ቢሆኑም ብዙም አያዩም። በዙሪያዋ የሚሆነውን የምታውቀው በእግሯና በፀጉሯ በሚሰማት ንዝረት ነው። ድሩ ይህን ንዝረት ያደርስላታል። ቆሻሻ መስሎሽ በየሳምንቱ ከጠረግሽው ዓይኗን እንደ መጋረድ ነው። የተረፈ ምግብና የሻገተ ነገር ብቻ በወረንጦ አንሺ። ሳጥኑንም ከቴሌቪዥን፣ ከስፒከርና ከልብስ ማጠቢያ ማሽን አርቂው። ፍሪጅ ላይ የሚያስቀምጡም አይቻለሁ፤ እባክሽ አታድርጊው።

ፍሊትንም አደራ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ለበረሮ ወይም ለትኋን ሲረጭ በኮሪደር በኩል ይገባል። ነፍሳትን የሚገድል መድኃኒት ሸረሪትንም ይገድላል። ጎረቤቶችሽን «ስትረጩ አስቀድማችሁ ንገሩኝ» በያቸው። እናንተ ቤትም ይረጭ ከተባለ ጽጌን ለጥቂት ቀናት ሌላ ቤት አሳድሪያት። ቡና ሲፈላና እጣን ሲጨስም ሌላ ክፍል ብትሆን እመርጣለሁ።

አሁን እጅሽ ላይ ስለማውጣቱ። ይህን ስጽፍ እንዳትከፊብኝ እፈልጋለሁ። ታራንቱላ አትለማመድም። እጅሽ ላይ ጸጥ ብላ ስትቀመጥ ተመችቷት አይደለም። ሞቅ ያለና የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ናት፣ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ስለዚህ ደርቃ ቆማለች። ሆዷ ላይ የተመለጠው ፀጉርም አንዱ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ የአሜሪካ አህጉር ታራንቱላዎች ሲፈሩ በኋላ እግራቸው የሆዳቸውን ፀጉር እየፈገፈጉ ወደ ጠላት ይበትናሉ። ፀጉሩ እንደ ሳማ ያሳክካል። ዓይን ውስጥ ከገባ ነገሩ ከባድ ነው፤ የዓይን ሐኪም ያስፈልጋል። ሳጥኑን ከነካሽ በኋላ እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን አትሺ።

ሰዎች «ሸረሪት ደግሞ ምን ይሰማታል?» ይሉኛል። በ1983 ቶማስ አይስነርና ስኮት ካማዚን የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ድር የሚያደሩ ሸረሪቶችን እግር በንብ መርዝ ውስጥ ባሉ ንጥረ ነገሮች ወጉ። ሸረሪቶቹ የተወጋውን እግር ቆርጠው ጣሉት። የሚገርመው ይህ ነው፦ እግራቸውን ያስጣሏቸው ንጥረ ነገሮች ሰውንም የሚያሳምሙት ናቸው። ሰውን የማያሳምሙት ሲወጉ ግን እግራቸውን አልጣሉም። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ነፍሳት ናት፣ ምንም አይሰማት» የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።

ማንቀሳቀስ ግድ ሲሆን ሰፋ ያለ ብርጭቆ ድፊባት፣ ከስር ካርቶን አስገቢ። እጅ አያስፈልግም።

የተመለጠው ቦታ ግን ሌላ ወሬም ሊነግርሽ ይችላል። በስልክሽ መብራት ለአፍታ እዪው። የቆዳው ቀለም ፈዛዛ ከሆነ ፀጉሯን በትናለች፣ ተጨንቃለች። እየጠቆረና እያብለጨለጨ ከሄደ ግን ቆዳ ልትቀይር ነው። ያኔ አለመብላቷ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአራት ኪሎ አካባቢ አንድ አባት ደወለልኝ። «ዶክተር፣ የልጄ ሸረሪት ሞተች፤ ልጁ እያለቀሰ ነው፤ ምን እንበለው?» አለኝ። እንዴት ሆና እንደሞተች ጠየቅኩት። «በጀርባዋ ተገልብጣ፣ እግሯን ዘርግታ» አለ። «የት አደረጋችኋት?» አልኩት። ካርቶን ውስጥ አድርገው ከቆሻሻው ጋር አስቀምጠዋታል። «አትንኳት፣ መጣሁ» ብዬ ሮጥኩ። ስደርስ የፊቷ መክደኛ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተከፍቷል። ከአሮጌው ቆዳ ውስጥ አዲሱ ሰውነቷ እርጥብና ፈዛዛ ሆኖ እየወጣ ነው። እግሯን ከጓንት ውስጥ ጣት እንደሚወጣ እየሳበች ታወጣዋለች፤ ትስባለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትስባለች። የመርዝ ጥርሶቿ እንደ ወተት ነጭ ናቸው። ካርቶኑ ሲንቀሳቀስ አንድ እግሯ ተቀንጥሷል። እኔና ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ትንፋሻችንን ውጠን እስክትጨርስ አየናት። ተረፈች። የጎደለው እግርም በተከታዮቹ ቆዳ መቀየሮች መልሶ በቀለ።

የሞተች ታራንቱላ ብዙውን ጊዜ በጀርባዋ አትተኛም። ቆማ፣ እግሯ ስር ተጠቅልሎ ነው የምትሞተው። በጀርባዋ ካገኘሻት ክፍሉን ዝጊና ውጪ። አትገልብጫት፣ አትርጪባት፣ አትንኪያት።

ፌንጣም በፍጹም አይኑር። ይህን የማውቀው በራሴ ጥፋት ነው። ናይሮቢ ስማር አንዲት ታራንቱላ ነበረችኝ። አንድ ማታ ፌንጣ ሰጥቻት ሳላወጣው ተኛሁ። ሌሊት ቆዳ ስትቀይር ፌንጣው ለስላሳ ሰውነቷን በልቷት አደረ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ወደ እናትሽ ልምጣ። መፍራታቸው አያስገርምም፤ ቤታቸው ነውና ሊሰሙ ይገባል። ሁለት ነገር ንገሪያቸው። አንደኛ፣ በታራንቱላ ንክሻ መሞቱ የተረጋገጠ ሰው የለም። የጽጌ ዓይነት ብትነክስ ሕመሙ ከንብ ጋር የሚቀራረብ ነው። የአፍሪካና የእስያ ዘሮች ግን መርዛቸው ይበረታል፤ ከባድ ሕመምና የጡንቻ ቁርጠት ያመጣሉ። ስለዚህ ዘሯን በፎቶ እንዳረጋግጥልሽ ላኪልኝ። ሁለተኛ፣ «ሸረሪት ሸናብኝ» የምንለው የቆዳ ቁስል የሸረሪት ሽንት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ የቆዳ ችግር ነውና ሐኪም ይየው። ለእናትሽ ሰላም ደግሞ ክዳኑን የሚቆለፍ አድርጊው፣ ሳጥኑንም ያንቺ ክፍል አስቀምጪው።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ ለእሷ በጣም ይበርዳል። ብትተርፍም ያገራችን ፍጥረት አይደለችም። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ከሜክሲኮ የመጣ የታራንቱላ ዘር ዱር ገብቶ መራባቱ ይታወቃል። በአገራችን ሸረሪቶች ላይ እንዲህ ያለ ዕዳ አንጫን። የወረቀቱንም ነገር ወንድምሽን ጠይቂው። ሕይወት ያለው እንስሳ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እንደ ሜክሲኮዋ ቀይ ጉልበት ያሉት ዘሮች ደግሞ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የሚጠበቁ ናቸው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ወረቀት ከሌላት ከመደበቅ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ማማከር ይሻላል። ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።

እንግዲህ ዛሬ አምፖሉን አጥፊ፣ ውሃ በስኒ አስቀምጪ፣ መርጨቱን ተዪ። አፈሩን ቅዳሜና እሑድ ቀይሪው፤ ሆዷ ከጠቆረ ግን ቆዳዋን እስክትቀይር አትንኪው፣ እንዲሁ ይድረቅ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ተያት። መስታወቱን ለቃ መሬት ላይ ከተቀመጠች ነገሩ እርጥበቱ ነበር ማለት ነው። ቆዳ ከቀየረች ምግብ ለመስጠት አትቸኩይ። ጥርሶቿ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር እስኪለወጡ ጠብቂ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ነው።

የወለቀውን ቆዳ ደግሞ አትጣይው። ሳይሰባበር በፕላስቲክ ዕቃ አድርገሽ ክሊኒክ አምጪልኝ። ውሃ ውስጥ አለስልሼ የሆዷን ውስጠኛ ክፍል በማጉያ ሳየው ሴት ወይም ወንድ መሆኗን አውቃለሁ። ወንድ ከሆነ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙም አይቆይም። ሴት ከሆነች ግን ገና 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። ያን ጊዜ አንቺና እናትሽ አብራችሁ ኑ፤ ማን ቤት እንደምትኖር ተቀምጠን እንነጋገራለን።